የዘለልኳት መስመር

እትዬ አንጓች ማረፋቸውን የነገረችኝ ልጃቸው ብርቱካን ናት። ሐሙስ ጠዋት መድኃኒት ቤቴን ከፍቼ መደርደሪያውን ስወለውል ስልኬ ጮኸ። "አበባው፣ እማዬ አረፈች" አለችኝ። ነፍስ ይማር እንኳ ሳልል ቀጠለች። "እውነቱን ንገረኝ፤ ያ መድኃኒት ነው አይደል የገደላት?"

እኔ ሰው ነገር ጠይቆኝ መልስ አጥቼ አላውቅም። ባላውቀው እንኳ አንድ ነገር ብዬ እሸኘዋለሁ፤ ክፉ አመል ነው። ያን ቀን ግን መወልወያውን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። ስልኩን ማን እንደዘጋውም አላስታውስም።

ብርቱካን ደብረ ኤልያስ አስተማሪ ናት። ጥርጣሬው የእናቷ ነው፤ ከጡት ጋር ያጠቧት ይመስለኛል። እናቷን ለማታውቁ ሰዎች ምን ብዬ ላስረዳችሁ? ደብረ ማርቆስ ገበያ ቅቤ ተራ ሄዳችሁ "ወስፌ ያላቸው ሴትዮ" ብትሉ ዛሬም የማያውቅ የለም። ከይጁቤ በልጅነታቸው ተድረው መጥተው፣ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ በቅቤ ንግድ ነው የኖሩት። ሌላው ነጋዴ ቅቤውን አሽትቶ፣ በእጁ ጀርባ አሸት አድርጎ ይገዛል። እሳቸው እሱንም ያደርጋሉ፤ ከዚያ ግን ስፌት የሚሰፋበትን ረጅም ወስፌ ከመቀነታቸው ያወጡና እምብርቱ ድረስ ይሰዱታል። ከላይ ቅቤ ሆኖ ከውስጥ የተቀቀለ ድንች የሆነ ስንት አለ!

አንድ ቀን አንዲት ባላገር ሴት ወስፌውን ስታይ ተቀየመች። "ኧረ በማርያም! ንጹሕ ነው እኮ እትዬ" አለች።

"ማርያምን ቅቤ ውስጥ አታስገቢብኝ" አሏትና ወጉት። ንጹሕ ነበር። ይቅርታም አልጠየቁ፣ አላመሰገኑም። "አልጠረጠርኩሽም፤ ማጣራቴ ነው" ብለው ገዟት።

ይህችው አነጋገር ለእኔም ነበረችኝ። መድኃኒት ቤቴ ከቅቤ ተራው ፊት ለፊት ስለሆነ ደንበኛዬ ነበሩ፤ ደንበኛ ከተባለ። የራስ ምታት ኪኒን ሊገዙ መጥተው የሚያበቃበትን ቀን ሁለት ጊዜ ያስነብቡኛል። ፊደል ስላልቆጠሩ ወረቀቱን ይዘው ማዶ ካለው መድኃኒት ቤት ይሄዱና እዚያም ያስነብባሉ። ተመልሰው መጥተው "ተስማምታችኋል" ይሉኛል። እበሽቅ ነበር፤ ምን ልደብቃችሁ። "እትዬ፣ እኔን ካላመኑ ለምን ይመጣሉ?" ስላቸው፣ "ያልጠረጠረ ተመነጠረ ሲባል አልሰማህም? ሁሉንም ሳላምን ነው ሁሉም ጋ የምሄድ" አሉኝ።

ከዚያ ያ ክፉ በሽታ መጣ። ጡታቸው ላይ እብጠት ተገኘና ባሕር ዳር ሄደው ተቆረጠ። ሲመለሱ በየቀኑ ለዓመታት የሚዋጥ ኪኒን ታዘዘላቸው፤ ታሞክሲፌን ይባላል። ዕጢው በሴት ሆርሞን ነው የሚፋፋው፤ ኪኒኑ ያንን ይከለክለዋል። ይህን ሳስረዳቸው ከት ብለው ሳቁ።

"እኔ በስልሳ ሰባት ዓመቴ? የሴትነት ነገር ከተወኝ ስንት ዘመኑ፤ ምን ቀርቶኝ ነው የሚከለክለው?"

"ትንሽ ትንሽ አይጠፋም እትዬ። ዕጢው ለዚያችው ትንሽ ነው የሚስገበገበው።"

"እሺ። ወረቀቱን አውጣና አንብብልኝ። አንዲት ሳታስቀር።"

አሁን ወደ እውነቱ መጣሁ። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ብርቱካን ደውላ "እማዬን አታስፈራራብኝ፤ ጉዳቱን ሁሉ ከሰማች አትውጠውም" ብላ ለምናኝ ነበር። ለብዙ ጊዜ ጥፋቱን በእሷ እያላከክኩ ኖሬያለሁ። ውሸት ነው። ስለ ብርቱካን ብዬ አይደለም ያደረግሁት።

ወረቀቱ የፈረንጅ ነው፤ እየተረጎምኩ ነው የማነብላቸው። ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ዓይን ዓይኔን ያያሉ። ሰውነት ድንገት በሙቀት ይግላል፣ ያልባል አልኩ። መገጣጠሚያ ያማል አልኩ። እግር ካበጠ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል፣ ዓይን ሊደክም ይችላል፣ ሁሉንም አልኩ። ከዚያ አንዲት መስመር ላይ ደረስኩ። ከማህፀን ደም ቢታይ ፈጥነው ሐኪም ያማክሩ ትላለች። በአጠገባችን አንድ ሰውዬ የሳል ሽሮፕ እየጠበቀ ቆሟል። እትዬ አንጓች እናቴን በዕድሜ ይበልጣሉ፤ ልጅ ሆኜ ጉንጬን የቆነጠጡኝ ሴት ናቸው። በእሳቸው ፊት ያ ቃል ከአፌ አልወጣ አለ። ፊቴ ሲቀላ ይሰማኛል። ዘለልኳትና ወደ ታች ወረድኩ።

"ጨረስክ?"

"ጨረስኩ።"

"ዓይንህ አንድ ቦታ ቆሞ ነበር።"

"ፊደሉ ደቃቃ ነው እትዬ፤ አስቸግሮኝ ነው።"

"እህ" አሉ። ኪኒናቸውን ይዘው ተነሡ። ወረቀቱንም ለማዶው መድኃኒት ቤት ሊያስነብቡ አልወሰዱትም። ተገላገልኩ ብዬ ደስ አለኝ፤ ሞኝ!

ኪኒኑን ግን ዋጡት፤ አንድም ቀን አላጓደሉም። ሙቀቱ እንደ ተባለው መጣ። የደብረ ማርቆስን ብርድ ታውቁታላችሁ፤ ሴቱ ሁሉ በጋቢ ተጀቡኖ ሲንቀጠቀጥ እሳቸው ጋቢያቸውን ወርውረው በነጠላቸው ጫፍ ያራግባሉ። አንድ ቅዳሜ ተናደው መጡ። "እጄ ቅቤውን አቀለጠው! አሸት ሳደርገው መልካሙም መጥፎውም እኩል ይቀልጣል። በእጄ መለየት ቀረብኝ እኮ!" አሉ። ኪኒኑን ሊያቆሙት ነው ብዬ ፈራሁ። "ይሁን፣ ይሄንን ሰምቼ ነው የጀመርኩት። ወስፌ አለኝ" ብለው ሄዱ።

ዓመት ሊሞላ ሲል ግን አንድ ነገር አየሁ። በሰፈራችን ማርያም የእሑድ ቅዳሴ ላይ እትዬ አንጓች የሴቶቹ የፊት መስመር ላይ ነው የሚቆሙት። ከልጅነቴ ጀምሮ ቦታቸው ያ ነው። አንድ እሑድ ከቅጥሩ ውጪ፣ አጥሩን ተደግፈው ቆመው አየኋቸው። ዘግይተው ይሆናል ብዬ አለፍኩ። በሚቀጥለውም እሑድ እዚያው። በወሩም እዚያው።

ሰፈር መቼ ዝም ይላል! አንዷ "ከንስሐ አባታቸው ተጣልተው ነው" ትላለች። ሌላዋ "ቅቤ ሲመዝኑ ያደረጉት ነገር ቢኖር ነው፤ ሰውን ሁሉ ሌባ ሲሉ ኖረው" ትላለች። ዕድሜ ልኩን የተጠረጠረ ሰው አንድ ቀን መልሶ መጠርጠር ሲያገኝ እንዴት ደስ እንደሚለው! እኔም መጀመሪያ ሐሜቱን እየሰማሁ ፈገግ እል ነበር፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ወጣት ሴቶች አብረዋቸው አጥሩ ሥር ቆመው አየሁ። እነዚያ ለምን ውጪ እንደቆሙ ማንም አይጠይቅም፤ በወር አበባቸው ጊዜ ሴቶች ወደ ውስጥ አይዘልቁም፤ ደንባችን ነው። ዓይኔ ከእነሱ ወደ እትዬ አንጓች ሄደ። ያቺ መስመር መጥታ ፊቴ ቆመች።

ሮጬ ሄድኩ ብላችሁ ደስ ባለኝ። አልሄድኩም። ሁለት ሳምንት ሙሉ አፈርኩ። ለብርቱካን ደውዬ እሷ ትጠይቃቸው ብዬ ስልኬን አነሣሁ፣ መልሼ አስቀመጥኩት። እንዴት ብዬ እጀምራለሁ? ሰው አፍሮ እንደሚገድል ያወቅሁት ያኔ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ሰኞ፣ ገበያ በሌለበት ቀን፣ ቤታቸው ሄድኩ።

ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ወስፌያቸውን በአመድ ይወለውላሉ። ተቀመጥ አሉኝ።

"እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ እንዳይቆጡኝ።"

"ጠይቅና አይቼ እቆጣለሁ።"

"ቤተ ክርስቲያን ለምን አይገቡም?"

እጃቸው ቆመ። "መቼ ነው አንተ የቀሰስክ?"

"ደም ማየት ጀምረው ነው?" አልኩ። እንዴት እንዳወጣሁት አላውቅም።

ወስፌውን መሬት ላይ አስቀመጡ። "ለልጄ እንኳ ያልነገርኩትን አንተ በምን አወቅህ?"

"ወረቀቱ ላይ ተጽፏል።"

"የትኛው ወረቀት?"

"ያኔ ያነበብኩልዎት። ዘልዬው ነው።"

ይጮሁብኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ። አልጮሁም። ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር። "እንደ ዘለልክማ አውቄያለሁ" አሉ በቀስታ። "ዓይንህ ቆመ፣ ፊትህ ቀላ፣ ላብ አሰጠመህ። ይህ ልጅ ሊነግረኝ ያልቻለው ሞቴን ነው አልኩ። ስለዚህ ሌላ ሰው ጋ ወስጄ አላስነበብኩትም፤ ፈራሁ። እኔ አንጓች ፈራሁ! ደሙ ሲመጣ፣ ይኸው ያ የዘለለው መጣ አልኩ። ሞት ከሆነ ሐኪም ምን ያደርግልኛል? ተናዝዤ፣ የምቀበርበትን ልብስ አዘጋጅቼ ተቀመጥኩ። ይኸው አምስት ወር ሆነኝ።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

"ምን ነበር የሚለው? አሁን በለው።"

"'ከማህፀን ደም ቢታይ ፈጥነው ሐኪም ያማክሩ' ነው የሚለው።"

"ይኸው ነው?"

"ይኸው ነው።"

"ትሞታለች አይልም?"

"አይልም እትዬ። ቶሎ ከታየ የሚታከም ነገር ነው።"

ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። እያለቀሱ ይሁን እየሳቁ መለየት አልቻልኩም። ኋላ ቀና ብለው፣ "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ። መድኃኒቱን የደበቀስ? እሱ ምን ይገኝለታል?" አሉኝ። እኔም አብሬ አለቀስኩ፤ ምን አፍራለሁ፣ ማፈሩንማ ጨርሼው።

በማግስቱ ባጃጅ ይዘን ሆስፒታል ሄድን። ያየቻቸው ሴት ሐኪም ናት። የማህፀናቸው ግድግዳ ወፍሯል አለች። ከውስጡ ተቆንጥሮ ለምርመራ ተላከ። ውጤቱ እስኪመጣ ያለፈውን ጊዜ እኔ ነኝ የማውቀው። እሳቸው ቅቤ ተራ ወርደው ሲወጉ ይውላሉ፤ እኔ እህል አይወርድልኝም። ሲመጣ ካንሰር አይደለም፤ ግን ወደዚያው እየሄደ ነበር። ትንሽ ቢቆይ ኖሮ ሌላ ታሪክ ነበር ያለችው ሐኪሟ ናት፤ ስትናገር ወደ እኔ አላየችም፣ ስለማታውቅ። እትዬ አንጓች ግን አዩኝ።

ሐኪሟ የወፈረውን አጸዳችና ያንን ኪኒን አስቆመች። ዕጢው እንዳይመለስ ሌላ ኪኒን አለ አለች፤ እሱም ሆርሞኑን የሚያግድ ነው፣ በሌላ መንገድ። ማህፀን አይነካም፤ አጥንት ግን ያሳሳል። ምንም ሳይወስዱ መቅረትም ይቻላል፤ ያኔ በሽታው የመመለስ ዕድሉ ይጨምራል። ምርጫው የእርስዎ ነው አለቻቸው።

እትዬ አንጓች በቅዳሜ፣ ገበያው በሞላበት ቀን፣ ብርቱካንን ከደብረ ኤልያስ አስጠርተው መድኃኒት ቤቴ ገቡ። ሦስት ሰው ወረፋ ይዟል። ወንበሩ ላይ ቁጭ አሉና "አንብብ። ድምፅህን ከፍ አድርገህ" አሉ።

"ሰው ይውጣ እትዬ።"

"ሰው ካለ አትዘልም።"

አነበብኩ። የመገጣጠሚያ ሕመም አልኩ፣ የጠዋት ጠዋት የጣት መድረቅ አልኩ። የብልት መድረቅ የሚል ደረሰብኝ፤ ወረፋ የያዘው ሁሉ ጣሪያ ጣሪያ ማየት ጀመረ። እሱንም ጮክ ብዬ አልኩት። "እሱን ባሌ ከሞተ ወዲህ የጠየቀኝ የለም፤ ቀጥል" አሉ፤ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። የአጥንቱ ጋ ስደርስ ግን ማንም አልሳቀም። አጥንት ይሳሳል፣ ቢወድቁ ቶሎ ይሰበራል አልኩ። ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ።

"እማዬ ይቅርብሽ" አለች ብርቱካን። "የሰባ ዓመት ሴት አጥንት ከተሰበረ ምን ይሆናል? ቢቀርስ?"

"ቢቀር ያኛው ይመጣል። በእሱ ተቆርጬ አይቼዋለሁ" አሏት። ትንሽ አሰቡ። "እንከን የሌለው ዕቃ የሚሸጥበት ገበያ የለም። ነጋዴ እንከኑን አውቆ ነው የሚገዛ። ስጠኝ።"

ሦስት ዓመት ወሰዱት። ጠዋት ጠዋት ጣታቸው አልታጠፍ ይልና ወስፌውን በሁለት እጅ ይይዙት ነበር። ሊጥላቸው ሰው የሚገፋቸው ይመስል መንገድ ሲሄዱ ዙሪያቸውን ሁሉ እንደ ሌባ ያዩታል። የባጃጅ ሾፌር "ቀስ ብዬ ነው የምነዳ እትዬ" ሲላቸው "የሚጥሉት ሁሉ እንዲህ ነው የሚሉ" ይሉታል። ቅዳሴ ላይ ግን ወደ ቦታቸው ተመለሱ። በሽታውም አልተመለሰም። እኔን በተመለከተ፣ ከዚያ ወዲህ አንድ መስመር ዘልዬ አላውቅም፤ ለመነኩሴም ሆነ ለሙሽራ አነባለሁ። ከዚህ የተነሣ ነውረኛ የሚሉኝ አሉ፤ ይበሉ።

ባለፈው ነሐሴ፣ ያን ሐሙስ ብርቱካን ልትደውልልኝ ሳምንት ሲቀር፣ ቅቤ ተራው ጭቃ አዳለጣቸው። የዳሌ አጥንታቸው ተሰበረ። ስሰማ ሱቁን ሳልዘጋ ነው የሮጥኩት። ብርቱካን ገና መንገድ ላይ ናት። ሆስፒታል አልጋቸው ላይ ሆነው ሲያዩኝ እጃቸውን አወዛወዙ።

"አታልቅስብኝ። ይሄንን ሦስት ጊዜ ነው የነገርከኝ። በዚህ አልቀየምህም።"

ይህን ሲሉኝ ልቤ ደፈረ። ስንት ዓመት አፌ ላይ የቆየውን አወጣሁት። "ያኛውንስ እትዬ? የመጀመሪያውን?"

"እሱንማ ድሮ ነው ይቅር ያልኩህ" አሉኝ። "እግዜርም ይቅር ይበልህ።"

ሲስተሯ የቀዶ ጥገና ስምምነት ወረቀት ይዛ መጣች። መፈረም አለብዎት አለቻቸው። ወደ እኔ ገፉልኝ። "አንብብልኝ።"

በአማርኛ ነው የተጻፈው። ከላይ እስከ ታች አነበብኩላቸው። ደም ሊፈስ እንደሚችል አነበብኩ፣ በዕድሜያቸው ከማደንዘዣው ላይነቁ እንደሚችሉ የሚለውንም አነበብኩ፤ እዚያ ጋ ድምፄ ተሰበረ፣ ግን ጨረስኩት። እትዬ አንጓች ዓይናቸውን ከዓይኔ ላይ አንድ ጊዜ አላነሡም። ስጨርስ እጃቸውን ዘረጉ። ሊፈርሙ ነው ብዬ ወረቀቱን ሰጠኋቸው። እሳቸው ግን ለሲስተሯ አሻገሩት።

"ልጄ፣ አንቺ ደግሞ አንብቢልኝ።"

ሲስተሯ ግራ ገብቷት አየችኝ። አንብቢላቸው አልኳት። አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ ከመጀመሪያው ጀመረች። እትዬ አንጓች አሁን ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ ጣታቸው ብርድ ልብሱ ላይ በየመስመሩ አንድ አንድ ይላል። ላይነቁ ይችላሉ የሚለው ጋ ስትደርስ ፈጠነች፤ "ቀስ በይ" አሏትና ደገመችው። እስከ መጨረሻው ጠበቁ።

ከዚያ ዓይናቸውን ገልጠው ወደ እሷ ዘወር አሉ። "አልዘለለም" አሏትና አውራ ጣታቸውን ወደ ቀለሙ ዘረጉ።